ስክሩጅና ሐርቤ በሳኒቬል

ሳኒቬል በታኅሣሥ በረዶ አታይም። ዝናብ ያካፋባታል፤ በየግቢው ሎሚው በስሎ ይታያል፤ ገና መቃረቡን የሚናገሩት በየበረንዳው የተንጠለጠሉት አምፖሎችና የቴሌቪዥኑ ዝግጅት ናቸው። በአንድ አፓርታማ ውስጥ ሁለት ሰዎች ይነጋገራሉ። አንደኛው የእህታቸውን ልጅ ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ የመጡ ጡረተኛ የሥነ ጽሑፍ መምህር ናቸው። ሁለተኛዋ ይህችው የእህታቸው ልጅ ናት፤ ሆስፒታል ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ነርስ፣ የአንድ የሰባት ዓመት ልጅ እናት። ልጁ ተኝቷል። ያነጋገራቸው ማምሻውን አብረውት ያዩት ካርቱን ነው፤ ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው «ሚኪስ ክሪስማስ ካሮል»።

መምህሩ፦ መቃብሩ ጋ ሲደርስ ለምን አሳለፍሽው?

እናቲቱ፦ ሰባት ዓመቱ እኮ ነው፣ ጋሼ! የሕፃን መቃብር አይቶ እንዴት ይተኛል? እኔም በሥራዬ የማየው ይበቃኛል፤ ቤቴ እንኳ ይረፍ።

መምህሩ፦ ይገባኛል። ግን ያሳለፍሽው የታሪኩን እምብርት ነው። ልጁ ያየው ምንድን ነው? ስክሩጅ የሚባል አንድ ንፉግ ሽማግሌ ዳክዬ ሌሊቱን መናፍስት ሲያንገላቱት አድሮ ጠዋት ደግ ሆኖ ተነሣ። ለምን ደግ ሆነ ብለሽ ብትጠይቂው ምን የሚልሽ ይመስልሻል?

እናቲቱ፦ ጠይቄው ነበር። «ስለፈራ» አለኝ።

መምህሩ፦ ይኸው! መፍራት ብቻውን ደግ የሚያደርግ ቢሆን ዱላ የቀመሰ ሁሉ ደግ በሆነ ነበር። ያለፍሽው ቦታ ላይ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ። ሚኪ፣ ማለትም ድኻው ጸሐፊ ቦብ ክራቺት፣ ከልጁ መቃብር ፊት ቆሟል። እጁ ላይ የትንሹ ቲም ምርኩዝ አለ። እንባው እየወረደ ምርኩዙን ከድንጋዩ ጋር ያስደግፈዋል። ስክሩጅ ይህን ከዳር ቆሞ ያያል፤ የራሱን መቃብር የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ። መጀመሪያ ለሰው ልጅ አዘነ፣ ቀጥሎ ለራሱ ፈራ። የመጀመሪያውን ስትቆርጪው ለልጅሽ የተረፈው ፍርሃቱ ብቻ ነው።

እናቲቱ፦ ይህ መጽሐፉ ላይ ያለ ነው ወይስ ካርቱን ሠሪዎቹ የጨመሩት?

መምህሩ፦ ከመጽሐፉ የበቀለ ነው። የቻርልስ ዲክንስ መጽሐፍ ላይ ሁለተኛው መንፈስ ለስክሩጅ በድኻው ቤት ምድጃ ዳር ባዶ መቀመጫና ባለቤት ያጣ ምርኩዝ እንደሚያይ ይነግረዋል። ሠሪዎቹ ያንን ምርኩዝ አንሥተው መቃብሩ ላይ አኖሩት። ፊልሙ 26 ደቂቃ ነው፤ ብዙ ነገር መጣል ነበረባቸው፤ ይህን ግን አልጣሉም። አዘጋጁ በርኒ ማቲንሰን የእናንተው አካባቢ ሰው ነው፤ በ1935 ሳን ፍራንሲስኮ የተወለደ። ዲዝኒ ቤት በ1953 በደብዳቤ ክፍል ተቀጥሮ ገባ፤ በ2023 እስኪሞት ድረስ ከዚያ አልወጣም። ደግሞ ያችን የቤት ዕዳ ነገር አየሻት? ስክሩጅ የወጣትነት ፍቅረኛው የመጨረሻውን ክፍያ አንድ ሰዓት ስላዘገየች ብቻ ሊኖሩበት የነበረውን ጎጆ ይወርስባታል። ዲክንስ ላይ ይህ የለም። ግን በዚህ አገር ለሚኖር ልጅ ክፋት ምን እንደሆነ በአንድ ቅጽበት ይገባዋል።

እናቲቱ፦ እሱ ላይ አላሳለፍኩም። የቤት ኪራይ ወር በገባ ቁጥር ምን እንደምሆን ልጄም ያውቃል። እሺ፣ የጣሉትስ የትኛውን ነው?

መምህሩ፦ የጣሉት ያሳዝነኛል። መጽሐፉ ውስጥ ከመንፈሱ ካባ ሥር ሁለት ሕፃናት ብቅ ይላሉ፤ ከስተው፣ ገርጥተው፣ ፊታቸው እንደ ሽማግሌ ተጨማዶ። ወንዱ ድንቁርና ነው፤ ሴቷ ችጋር ናት። ጆን ሊች በ1843ቱ የመጀመሪያ እትም ላይ ሥሏቸዋል። በሚኪ ፊልም ውስጥ የሉም። ዲክንስ ደግሞ ብዕር ያነሣው ስለ እነሱ ነበር። በዚያ ዓመት በእንግሊዝ አገር በየፋብሪካው ስለሚሠሩ ሕፃናት የወጣውን የመንግሥት ሪፖርት አንብቦ ስለ ድኻ ልጅ የሚሟገት አንድ ትንሽ ጽሑፍ ሊያሳትም አሰበ። ከዚያ ሐሳቡን ለወጠና በስድስት ሳምንት ገደማ ይህን ተረት ጻፈ። ዲሴምበር 19 ቀን 1843 ወጣ፤ የታተመው ስድስት ሺሕ ቅጂ ከበዓሉ በፊት አለቀ። ሰውየው ራሱ ገና በ12 ዓመቱ፣ አባቱ በዕዳ ታስሮ፣ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ዕቃ ላይ ወረቀት ሲለጥፍ ይውል ነበር። ስለ ችጋር የጻፈው ሰምቶ አይደለም።

እናቲቱ፦ እዚህ አገር ገና እንደመጣሁ ሲኒማ ቤት ያየሁት ላይ ግን ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። ጂም ኬሪ ስክሩጅን የሆነበት። እንዴት እንደደነገጥኩ! ፊልሙ የተሠራው እዚሁ ከጎልደን ጌት ድልድይ ማዶ፣ ኖቫቶ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

መምህሩ፦ የሮበርት ዜሜኪስ ነው፤ 2009። ተዋናዮቹ ሰውነታቸው ላይ ምልክት ተለጥፎላቸው ይጫወታሉ፤ ኮምፒውተር እንቅስቃሴያቸውን ይቀርጽና ሥዕል ያለብሰዋል። ጂም ኬሪ ስክሩጅንም ሦስቱንም መናፍስት ሆኗል። ከመጽሐፉ ብዙ ቃል ጠብቋል፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ግን መሐል ላይ ስክሩጅን እንደ አይጥ አሳንሰው በፈረስ ጋሪ ያሳድዱታል፤ በቧንቧ ውስጥ ያንሸራትቱታል። ልጅ ያንን ይዞ ይወጣል። ሁለቱ ሕፃናት መጥተው ይሄዳሉ፤ ሩጫው ያጥባቸዋል። ምርኩዟ በጸጥታ የሠራችውን ያ ሁሉ መሣሪያ አልሠራውም።

እናቲቱ፦ ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ከ300 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። በወጣ በአራት ወር ገደማ ደግሞ ዲዝኒ ስቱዲዮው እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ 450 ገደማ ሰው ይሠራበት ነበር። ሥራ ማጣት በዚህ አካባቢ ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ ያ ፊልም በቴሌቪዥን ሲመጣ የማስበው እነሱን ነው። ይልቅ እኔን ከዚህ ተረት ጋር የሚያጣላኝ ሌላ ነገር አለ።

መምህሩ፦ ንገሪኝ።

እናቲቱ፦ የድኻው ኑሮ የሚቃናው ሀብታሙ ሌሊት ሕልም ስላየ ነው። ባያይስ? ትንሹ ቲም ይሞታል። እኔ አለቃዬ መንፈስ እንዲጎበኘው አልፈልግም፤ ጃንዋሪ 7 ፈቃድ እንዲሰጠኝ ነው የምፈልገው። ዲሴምበር 25 እኔ እገባለሁ፤ ባልደረቦቼ ከልጆቻቸው ጋር እንዲውሉ እሸፍንላቸዋለሁ። የእኛ ገና ሲደርስ ግን የሚሸፍንልኝ የለም። አንድ ዓመት ጥያቄዬ ውድቅ ሆኖ የልደትን ቅዳሴ ዕረፍት ክፍል ውስጥ በስልክ ነው የሰማሁት፤ እሱም ስጠራ እየተቋረጠብኝ። ልጄን ደግሞ ኦክላንድ መድኃኔዓለም ጎረቤት ይዛልኝ ሄደች። ቦብ ክራቺትም እኮ የጠየቀው አንድ ቀን ነው።

መምህሩ፦ ስክሩጅም ያችን አንድ ቀን ሲሰጥ በየዓመቱ ኪሱን እንደሚበረብሩት ነው የሚቆጥረው። አየሽ ልጄ፣ ታሪኩን በደንብ ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ልብሱን ብትገልጪው የአሠሪና የሠራተኛ ታሪክ ነው። ቦብ ክራቺት በሳምንት 15 ሺሊንግ ነው የሚያገኘው፤ የከሰል ሳጥኑ ያለው ስክሩጅ ክፍል ውስጥ ነው፤ ጸሐፊው እጁን የሚያሞቀው በሻማ ነው። ልጆች ይህን ይረዳሉ። ማን እሳት ዳር እንደተቀመጠ፣ ማን እንደበረደው ከአዋቂ ቀድመው ያያሉ።

እናቲቱ፦ ለልጄ የራሳችንን በዓል እንዲህ አድርጎ የሚያሳየው ነገር አጣሁ። ክራቺት አለው፣ ስክሩጅ አለው። ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ያለው ነጭ ልብስና ዶሮ ወጥ ብቻ ነው።

መምህሩ፦ የገና ጨዋታ አለ። እረኞቹ የጌታን ልደት ሰምተው በደስታ በበትራቸው ሩሯን መቷት፤ ጨዋታው ከዚያ መጣ ይባላል። ጥምዝ ዱላ፣ ትንሽ ሩር፣ ሰፊ ሜዳ፣ ሁለት ወገን። ቁጥር የለው፣ ዳኛ እምብዛም። መኳንንቱም ከአሽከሩ ጋር ይሰለፉ ነበር፤ ዱላ ሲሳሳት ደግሞ የማንን ቅልጥም እንደሚያገኝ አይመርጥም። በዚያ ቀን ጌታ በአሽከሩ እንዳይቆጣ ደንብ ነበር። በምሽቱ ግጥም ያሸነፈው የተሸነፈውን እየሰደበ ይገጥማል፤ ጌታውም ቁጭ ብሎ ይሰማል። ሥዕል ሆኖ ሲንቀሳቀስ ይታይሽ፤ አቧራው፣ ሩሯ ከመሬት ተነሥታ ስትበር፣ ባለ ካባው ሰውዬ ቅልጥሙን ይዞ ሲያነክስ፣ አሽከሩ ዱላውን ጥሎ ሊሸሽ ሲል የሜዳው ሰው ሁሉ ሲይዘው።

እናቲቱ፦ ደስ ይላል። ግን በማግሥቱስ፣ ጋሼ?

መምህሩ፦ በማግሥቱ ጌታው ጌታ ነው።

እናቲቱ፦ እኮ! እኔ በማግሥቱም የሚቀር ነገር ነው የምፈልገው። ጌታው ከወንበሩ የሚነሣበት። እማዬ በዋዜማው ትነግረን የነበረው የሐርቤ ታሪክ ትዝ አይልዎትም?

መምህሩ፦ የሐርቤ? ሰው ሁሉ የሚነግረው የንቡን ነው። ላሊበላ ሲወለድ ንቦች ከበቡት፤ ልደቱም በጌታ ልደት ቀን ታኅሣሥ 29 ይከበራል፤ ላስታ ላይ ካህናቱ ከቤተ ማርያም በላይ ከአለቱ ጫፍ ቆመው፣ ከታች ካሉት ጋር እየተቀባበሉ ይዘምራሉ። እናትሽ ግን ከሐርቤ ትጀምር ነበር። እውነትሽን ነው።

እናቲቱ፦ ሐርቤ ንጉሥ ነው። ታናሽ ወንድሙ ላሊበላ እንደሚነግሥ ትንቢት ተነግሯል። እንቅልፍ ያጣል፣ ያሳድደዋል። የገዛ ዘመዶቹ ለላሊበላ መርዝ ያጠጡታል፤ እሱ ግን ሦስት ቀን ወደ ሰማይ ተነጥቆ ከአለት የሚወቀሩትን አብያተ ክርስቲያናት ያያል። ከዚያ ጌታ ለሐርቤ ተገልጦ ዙፋኑን ለወንድምህ ልቀቅ ይለዋል። ሐርቤም ወንድሙን ይቅር በለኝ ብሎ ዘውዱን ይሰጠዋል። የስክሩጅን ሌሊት ነው የማየው እኔ። አንድ ሰው ሌሊት ተጎብኝቶ ጠዋት ሌላ ሰው ሆነ። ልዩነቱ ስክሩጅ ተርኪ ገዝቶ ደመወዝ ጨመረ፤ ሐርቤ ወንበሩን ለቀቀ።

መምህሩ፦ ይህን ማንም እንዲህ አገናኝቶ ሲነግረኝ አልሰማሁም። ሕዝቡም «ቅዱስ ሐርቤ» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ከላስታ ቅዱሳን ነገሥታት አንዱ አድርጎ። ያሳደደው ሰው ከተሳደደው ጋር አብሮ ይታሰባል። ታዲያ መርዙን ታሳያለሽ?

እናቲቱ፦ ጽዋውን አሳያለሁ። ላሊበላ ሲጠጣም አሳያለሁ። ላሊበላ ላይ ምን እንደተደረገ ካልታየ ይቅርታው ምን ይሆናል? የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ቅዱስን በካርቱን መሣል ቤተ ክርስቲያን ምን ትላለች? እንደ ሚኪ ዓይኑን አጉረጥርጬ፣ አፍንጫውን አሳብጬ አይሆንም።

መምህሩ፦ አትችይም፤ ደግሞም አያስፈልግሽም። የእኛ ሠዓሊዎች ለዚህ ሥራ ከብዙ መቶ ዓመት በፊት ሕግ አውጥተውለታል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አስተውለሽ ታውቂያለሽ? ቅዱሳኑ ፊት ለፊት ያዩሻል፤ ሁለቱም ዓይናቸው ይታያል። ክፉው ግን በጎን ነው የሚሣለው፤ ይሁዳ፣ ሄሮድስ ያሰማራቸው ወታደሮች፣ ዲያብሎስ፣ ሁሉም በአንድ ዓይን። ማንበብ የማይችል ሰው ሥዕሉ ፊት ቆሞ ማን ማን እንደሆነ ያውቃል። ሕፃንም ያውቃል።

እናቲቱ፦ ሐርቤ እንግዲህ በጎን ይጀምራል።

መምህሩ፦ በጎን ይጀምርና…

እናቲቱ፦ ይዞራል! ግድግዳው ላይ የተሣለ ሰው መዞር አይችልም። እዚህ ግን ይችላል። ጠዋት ሲነሣ ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ እኛ ያዞረዋል፤ ሁለተኛው ዓይኑ ይወጣል። ቃል አያስፈልገውም። ልጄ «ለምን ደግ ሆነ» ብዬ ብጠይቀው እንኳ መቼ እንደሆነ በጣቱ ያሳየኛል።

መምህሩ፦ ለዚህ ነው ካርቱን የሚያስፈልገው። ተረቱን በቃል መናገርማ አባባ ተስፋዬ ሣህሉ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአርባ ዓመት ያህል በድምፃቸውና በፊታቸው ብቻ አድርሰውታል። በሥዕል የሚጨመረው ቃል የማይሠራው ነገር መሆን አለበት፤ አለዚያ ድካም ነው።

እናቲቱ፦ ድካሙ ነው የሚያስፈራኝ። እዚህ ኤመሪቪል ላይ ፒክሳር አለ፤ አንዱን ፊልም ስንት መቶ ሰው ስንት ዓመት እንደሚሠራው ይታወቃል። እኛ ምን አለን?

መምህሩ፦ አዲስ አበባ ላይ ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ሼን ኤትዘንሃውዘር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን እ.ኤ.አ. በ2005 በቴሌቪዥን ሲያስጀምሩ ምን ነበራቸው? አንዲት የቀጭኔ አሻንጉሊትና የራሳቸው ድምፅ። በ2008 የጃፓን ሽልማትን አገኘች። የአገራችን ልጆች ያችን ቀጭኔ እንደ ዘመድ ነው የሚያውቋት።

እናቲቱ፦ ድምፁንስ ማን ይሁን? ተዋናይ ይፈለግ?

መምህሩ፦ ልጆቹ ራሳቸው። እዚህ ሳንታ ክላራ የመዝናኛ ፓርኩ ውስጥ ልጅሽ ያቀፈው ስኑፒ ከየት እንደመጣ ታውቂያለሽ? ቻርልስ ሹልዝ ሥዕሉን የሚሠራው ከእናንተ በስተሰሜን፣ ሶኖማ ካውንቲ ነበር። በ1965 «ኤ ቻርሊ ብራውን ክሪስማስ» ሲሠራ ፕሮዲዩሰሩ ሊ ሜንደልሰን የበርሊንጌም ሰው፣ ሙዚቃውን የጻፈው ቪንስ ጓራልዲ የሳን ፍራንሲስኮ ፒያኖ ተጫዋች ነው። መዝሙሩን የዘመሩት የሳን ራፋኤል ቤተ ክርስቲያን ልጆች ናቸው። ገጸ ባሕርያቱንም ሕፃናት አናገሯቸው፤ አንዷ ገና ማንበብ ስለማትችል ቃሉን ቁርጥራጩን እየነገሩ ነው የቀረጿት። መሐል ላይ ሁሉም ጨዋታ ይቆምና አንዱ ልጅ ስለ እረኞቹ የሉቃስን ወንጌል በቃሉ ይላል። የቴሌቪዥን ጣቢያው ሰዎች አይሆንም፣ ዝግ ብሏል፣ ሰው አይወደውም ብለው ፈርተው ነበር። ይኸው ስድሳ ዓመት ያህል ሲታይ ኖረ።

እናቲቱ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆቹ አማርኛቸው ይሰባበራል፣ ጋሼ። «ሐ»ን ከ«ከ» የማይለይ አለ።

መምህሩ፦ ይሰባበር። የሐርቤን ታሪክ በተሰባበረ አማርኛ የሚናገር የኦክላንድ ልጅ ድምፅ ከማንኛውም ተዋናይ ድምፅ ይልቅ የልጅሽን ጆሮ ይይዛል። እሱን የመሰለ ሰው ነው የሚናገረው። አንቺ የምታርሚው ስሕተቱን ሳይሆን የማይሰማውን ብቻ ነው።

እናቲቱ፦ እርስዎ ታሪኩን በስልክ ይቅረጹልኝ። ልጄ ሥዕል ይወዳል፤ ታላላቆቹ ኮምፒውተሩን ያውቁበታል። አምስት ደቂቃ ቢሆን ይበቃናል። ለፈቃዱም አሁኑኑ እጽፋለሁ፤ ዘንድሮ ጃንዋሪ 7 ከልጄ ጎን ነው መሆን የምፈልገው። ከምኑ እንጀምር? ከንቡ? ልጆች ንብ ይወዳሉ።

መምህሩ፦ ዲክንስ ከትንሹ ቲም አልጀመረም፤ ከስክሩጅ ነው የጀመረው። ከሐርቤ ጀምሪ። ዙፋኑ ላይ አስቀምጪው፤ ዘውዱን ድፊለት፤ በአንድ ዓይን።

እናቲቱ፦ ወደ የት እያየ? ወደ ግራ ወይስ ወደ ቀኝ?

መምህሩ፦ ላሊበላ የሚገባው በየት በኩል ነው?

እናቲቱ፦ በቀኝ፤ በሩ እዚያ ነው።

መምህሩ፦ እንግዲያው ወደ ግራ ይይ። ለበሩ ጀርባውን ይስጠው።